አረጋውያንን ከአልጋ የሚያነሣ መነጽር

ለአረጋዊ ሕመምተኛ ሆስፒታል መተኛት ሁለት ፈተና አለው፤ አንደኛው ያስተኛው ሕመም ሲሆን፣ ሁለተኛው መኝታው ራሱ ነው። በእግሩ ገብቶ፣ ከሕመሙ ድኖ፣ ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቤቱ የሚመለስ አረጋዊ ጥቂት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ምክንያቱን ያሳያል። በአማካይ 67 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች 10 ቀናት በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ ከእግሮቻቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ቀንሷል። በእነርሱ ላይ ሕመም አልነበረባቸውም። ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የእንቅልፍ መዛባት ሲጨመሩበት ጉዳቱ የበረታ ይሆናል።

ይሁንና ይህ የማይቀር ዕጣ አይደለም። በስፔን፣ ፓምፕሎና ከተማ፣ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው 370 ሕሙማን ላይ የተካሄደና በ2019 የታተመ ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። ከፊሎቹ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ሲያገኙ፣ ሌሎቹ ከ5 እስከ 7 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል የጡንቻ፣ የሚዛንና የእርምጃ ልምምድ ሠሩ። ራስን የመርዳት ዐቅም ከ100 በሚለካበት መመዘኛ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5 ነጥብ ሲያጡ፣ የተንቀሳቀሱት ወደ 2 ነጥብ ጨመሩ።

ችግሩ አረጋዊውን ለእንቅስቃሴ ማነሣሣት ላይ ነው። ሥቃይ፣ የመውደቅ ፍርሃትና የክፍሉ ድብርት ከአልጋው ያስሩታል። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተሰኘው ቴክኖሎጂ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። በዓይን ላይ የሚጠለቀው መነጽር የራስን እንቅስቃሴ እየተከተለ ምስሉን ስለሚለዋውጥ፣ ሕመምተኛው በአትክልት ሥፍራ ያለ ይመስለዋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፍሬ ለመቅጠፍ እጁን ሲዘረጋ ወይም ፔዳል ሲመታ፣ ልምምዱ እንደ ጨዋታ ይሆንለታል። በሎስ አንጀለስ በ120 የሆስፒታል ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት፣ መነጽሩ ከቴሌቪዥን ይበልጥ የሥቃይ ስሜትን እንደሚያቀል አሳይቷል።

ሆኖም ጡንቻን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴው እንጂ ምስሉ አይደለም። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ወለሉን ስለማያይ ሊወድቅ ይችላል፤ ማዞርና ማቅለሽለሽም ያጋጥማል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ፣ በአጭር ጊዜ በመወሰን፣ ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ መሠራት አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም አእምሮው የተምታታበት ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊጠቀምበት አይገባም። መሣሪያው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍም መጽዳት ይኖርበታል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። መነጽሩ በሌለበትም ዋናው ነገር በእጃቸው ነው፦ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ አረጋዊው ምግቡን በአልጋው ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲመገብ፣ ወደ መታጠቢያ ክፍልም ተደግፎ በእግሩ እንዲሄድ ማገዝ። በየቀኑ የሚራመዳት ያቺ ጥቂት እርምጃ ነገ በራሱ እግር ወደ ቤቱ እንዲገባ ልታደርገው ትችላለች።