ንግሥተ ሳባን በተከታታይ ሥዕል

በባዕድ አገር የሥዕል መምህር ተማሪዎቹን «ከጥንት አፈ ታሪክ ተነሥታችሁ ተከታታይ ሥዕል ሥሩ» ብሎ ባዘዘ ጊዜ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ ግሪክ አማልክት ይመልሳል፤ ለዚሁ ሥራ የተመቸው የአባቶቹ ሥዕል በወላጆቹ ሳሎን ተሰቅሎ ሳለ፣ አነባበቡን ያስተማረው ሰው የለምና።

ያ በረድፍ በረድፍ፣ በትናንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚታየው ሸራ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ የክፍሎቹ ቍጥር እንደ ሠዓሊው ቢለያይም ብዙ ጊዜ 44 ነው። የሚነበበውም እንደ ግእዝ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ በየክፍሉም «አጋቦስ ዘንዶውን ሲገድል» እንደሚለው ያለ አጭር ጽሕፈት ይገኛል።

ታሪኩ ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነው። አንደኛው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ያዘጋጀው ክብረ ነገሥት ነው፤ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ ለንግሥቲቱ ለማክዳ ሲያወራላት፣ የሁለቱ ልጅ ቀዳማዊ ምኒልክም ሲወለድ፣ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲወጣ የምናየው በዚህ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ሲሆን፣ ሕዝቡ ሴት ልጁን ይገብርለት የነበረውን ዘንዶ አጋቦስ መርዝ ባበላት ፍየል አታልሎ ገድሎ እንደ ነገሠ፣ ማክዳም የእርሱ ልጅ እንደ ሆነች ይተርካል። በትምህርት ቤት ይህን ሁሉ አፈ ታሪክ ብሎ ማቅረብ ይቻል ይሆናል፤ በአያት ፊት ግን፣ የዘንዶውን ነገር ካልሆነ በቀር፣ እንዲህ ከማለት መቆጠብ ይበጃል፤ የታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም መምጣት ለምእመናን የሃይማኖት ነገር ነውና።

ለተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ማዕድ ያቀረበበት ሌሊት ነው። ንጉሡ ንግሥቲቱን በግድ እንዳይነካት፣ እርስዋም ከቤቱ አንዳች ነገር እንዳትወስድ ይማማላሉ፤ እርሱ ግን አስቀድሞ በርበሬ የበዛበት፣ ጥም የሚያመጣ መብል አቅርቦላት ነበርና፣ በእኩለ ሌሊት ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ስትል እጅዋን ይዞ፣ በምድር ላይ ከውኃ የሚበልጥ ሀብት እንደሌለ አስረድቶ፣ መሐላውን ያፈረሰችው እርስዋ መሆንዋን ይነግራታል። ጀማሪ ሠዓሊ እጅና ማሰሮ ሥሎ ያልፋል፤ ይህን በአንድ ሥዕል መጨረስ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ታሪኩን መግደል ነው። ማዕዱ፣ መሐላው፣ ሁለቱ አልጋዎች፣ ከዚያም ማሰሮው ለየብቻ ክፍል ቢሰጣቸው፣ ተመልካቹ ማሰሮው ዘንድ ሳይደርስ እርሱም አብሮ ይጠማል።

እዚህ ላይ የዓይን ሥርዐት መታወቅ አለበት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን በሙሉ ገጽ፣ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ይሁዳን የመሰለ ከሓዲና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ በሸራ ሥዕል ላይ ሥርዐቱ ላላ ቢልም ፈጽሞ አልተረሳም። እንግዲህ ሰሎሞን በዚያች ሌሊት ስንት ዓይን ይገባዋል? እኔ ብሆን በማዕዱ ሁለት፣ በማሰሮው አጠገብ አንድ እሰጠው ነበር፤ የሚቈጣኝ ሊቅ ባይጠፋም።

በአክሱም አገር በሚነገረው ትውፊት ደግሞ ማክዳ ለልጇ መስተዋት ሰጥታ ወደ ኢየሩሳሌም ትልከዋለች፤ ሰሎሞንም ልጁን ሊፈትን ሌላ ሰው በዙፋኑ አስቀምጦ፣ ራሱ ያደፈ ልብስ ለብሶ በፈረሶች ጋጣ ይቈያል፤ ምኒልክም የራሱን መልክ በመስተዋት እያየ የዙፋኑን ሰው ትቶ በጋጣው ያለውን አባቱን ይለያል። ይህን የሚሥል ተማሪ አንዱን መልክ በልጁ፣ በመስተዋቱና በንጉሡ ላይ፣ ዕድሜውን ብቻ እየለወጠ፣ ሦስት ጊዜ መድገም ግድ ይሆንበታልና ብርቱ ልምምድ ነው።

ታቦተ ጽዮንን በተመለከተ፣ ታቦት በእኛ ሥርዐት ሳይሸፈን ስለማይወጣ፣ ወርቁን ለማሳየት ከመድከም በመጐናጸፊያው ጥልፍ ላይ መጠበብ ይሻላል። በየክፍሉ ግርጌ የሚገባው ጽሕፈት ግን በአማርኛ ይሁን፤ ቀለሙ ሳይነካም በእርሳስ ተጽፎ ለእናት ወይም ለአያት ይታይ፤ የ«ሠ»ና የ«ሰ» ክርክር በዚያው በቤት ይለቅ።