ፈጣን መኪና ለምን ዘይት ይበላል?

ስለ መኪና በሚደረግ ጨዋታ ሁሉ አንድ የፍርድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ሞተሩ ዘይት ይበላል» የሚለው ነው። ይህ ቃል ከተነገረ የመኪናው ዋጋ ይወድቃል፤ ባለቤቱም አንገቱን ይደፋል። ነገር ግን ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል ነውን? እኔ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ እንጂ የምሕንድስና ሰው አይደለሁም። ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በቤተሰባችን የደረሰ ኪሣራ ነው።

አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ኀይለኛ ሞተር ያለው ያገለገለ መኪና ገዙ። ሻጩም «ጠብታ ዘይት አይበላም» ብሎ ማለላቸው። አጎቴ በየማለዳው ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር ያለውን መሬት ያያሉ፤ የፈሰሰ ነገር ስለሌለ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ግን አንድ ቀን እንኳ አልመዘዙም። ከአምስት ወር በኋላ ዳገት ላይ ሳሉ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። «እስከ ከተማው ልድረስ» ሲሉ ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ። ኮፓው፣ ማለት ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ሲፈታ የተገኘው ዘይት አንድ ሊትር አይሞላም ነበር። መሬት ላይ ያልፈሰሰው ዘይት ታዲያ ወዴት ሄደ?

መልሱ «ተቃጠለ» ነው። በፒስተን የሚሠራ ሞተር ሁሉ ጥቂት ዘይት ያቃጥላል። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ብረት ብረትን እንዳይፍቅ በመካከላቸው ስስ የዘይት ሽፋን ሊኖር ይገባል። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ሁለቱ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይይዛሉ፤ ሦስተኛው ትርፉን ዘይት እየጠረገ ወደ ኮፓው ይመልሳል። ፈጽሞ አድርቆ ቢጠርገው ሞተሩ ወዲያው ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ይተዋል፤ የተተወውም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል።

መጠኑን በስሌት እንየው። በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር፣ እንዲያውም እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ፍጆታ ደንበኛ ነው የሚሉ የፋብሪካ መምሪያዎች አሉ። እኛ ግማሹን ሊትር እንያዝ። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል እንበል። 1000 ኪሎ ሜትሩ በ10 ሰዓት ያልቃል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ 1,800,000 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ፍንዳታ ስላለ ድምሩ 3,600,000 ፍንዳታ ነው። ግማሹ ሊትር ለዚህ ሲካፈል ለአንዱ ፍንዳታ የሚደርሰው 0.14 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለት ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት ያነሰ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ይሁን እንጂ ኮፓውን ባዶ ያደርጋል።

ፈጣን መኪና ከተራው መኪና ይልቅ የሚበላበት ዋና ዋና ምክንያት አራት ነው።

አንደኛው የዙሩ ብዛት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2006 የተሠራው ቢ.ኤም.ደብልዩ ኤም 3 ሞተሩ በደቂቃ እስከ 8000 ጊዜ ይዞራል፤ የፒስተኑም ምት 91 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ጊዜ ፒስተኑ በአማካይ በሴኮንድ 24 ሜትር ይሮጣል፤ በአንድ ደቂቃም 16,000 ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። እንዲህ ባለ ጥድፊያ ፋሻው ዘይቱን እንደ ልብ ሊጠርግ አይችልም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ዘይት ሲግል ይቀጥናል፤ ቀላሉ ክፍሉም ይተናል። ለዚህ ኤም 3 የታዘዘው 10 ደብልዩ 60 የተባለው ዘይት በግለት ጊዜ ከተራው ዘይት ይልቅ ወፍራም ሆኖ የሚቆየው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክፍተት ነው። በብዙ ኀይለኛ ሞተሮች የሚገኘው በመቀጥቀጥ የተሠራ ፒስተን ሲግል ይበልጥ ስለሚሰፋ፣ ሲቀዘቅዝ ላላ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። እስኪሞቅ ድረስ ዘይት በዚያ ክፍተት ሾልኮ ያልፋል።

አራተኛው የአየር መሳብ ነው። ሾፌሩ በከፍተኛ ዙር ሳለ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ብርቱ የመሳብ ኀይል ይፈጠራል፤ ይህም በቫልቮላው ዘንግ በኩል ዘይት ይጎትታል።

ዘይት ታስቦበት የሚቃጠልበትም ጊዜ አለ። ከ2003 እስከ 2012 የተሠራው ማዝዳ አር.ኤክስ. 8 በፒስተን ምትክ ባለ ሦስት ማዕዘን የሚሽከረከር አካል አለው። የማዕዘኖቹ መዝጊያዎች እንዳያልቁ፣ ፓምፕ ዘይት እየመጠነ ወደሚቃጠልበት ክፍል ይልካል። ይህን መኪና ዘይት በላ ብሎ መክሰስ ላሟን ሣር በላች ብሎ እንደ መክሰስ ነው። በፎርሙላ 1 ውድድር ደግሞ በ2014 የወጣው ደንብ ሞተሩ በሰዓት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ነዳጅ እንዳይወስድ ከለከለ። ዘይት ግን ራሱ ሲቃጠል ኀይል ይሰጣል። ስለዚህ ዘይት የነዳጅ ምትክ እንዳይሆን የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለዘይቱም ገደብ አበጀለት፤ ገደቡም በ2018 በ100 ኪሎ ሜትር 0.6 ሊትር፣ በ2020 ደግሞ 0.3 ሊትር ሆነ።

እንግዲህ ደንበኛው ፍጆታ ከበሽታው የሚለየው በምንድን ነው? በመለካትና በመጻፍ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላ፤ ኪሎ ሜትሩ ይጻፍ። ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎደለው ይለካ። በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ያለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሊትር ያህል ነው። አለካኩን ግን መምሪያው እንደሚያዘው ማድረግ ያስፈልጋል። ለምሳሌ እስከ 1998 ድረስ በአየር እየቀዘቀዘ ይሠራ የነበረው ፖርሼ 911 የሚለካው ሞተሩ ግሎ እየሠራ ሳለ ነው። ፍጆታው ከመምሪያው ወሰን ሳያልፍ በየጊዜው እኩል ከሆነ የሞተሩ ጠባይ ነው። እየጨመረ ከሄደ ግን በሽታ ነው። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ምልክት ነው፤ ቁልቁለት ከተወረደ በኋላ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ከታየ የቫልቮላውን መዝጊያ፣ ጭነት ሲበዛ ሳያቋርጥ ከወጣ ፋሻውን መጠርጠር ይገባል።

የአጎቴ ሞተር ዘይት መብላቱ ብቻውን ለጥፋት አያበቃውም ነበር። የጎደለው በየጊዜው ቢተካለት ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ይሠራ ነበር። አሁን አጎቴ ሌላ መኪና ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋትም መሬቱን ማየት ትተው ዘንጉን ይመዛሉ፤ ያዩትንም በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ።