የቡናው ገንዘብና የልጅ ልጄ ኮምፒውተር

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ አቦሉ ገና ሳይቀዳ፣ የልጅ ልጄ የታጠፈ ወረቀት ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለ። «አኮ፣ ይህን ለአባዬ አንቺ ንገሪልኝ» አለኝ። በእኛ አገር አያትን አኮ እንላለን። ወረቀቱን ዘርግቼ ባየው አርቲኤክስ፣ ራይዘን፣ ዲዲአር የሚሉ ቃላትና ቁጥሮች ብቻ ናቸው። በነርስነት ዘመኔ ስንት የማይነበብ የሐኪም ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ ይህኛው ግን አቃተኝ።

ልጁ 11ኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ቤት የሚመጣው በፕሌይስቴሽን ቤት በኩል ዞሮ ነው። መቱም ሆነ ጎሬ፣ ያዮም ሆነ በደሌ ያለ ወላጅ ነገሩን ያውቀዋል፤ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በየግጥሚያው የሚከፈል ብር። አባቱ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሰለቸው። ቡናው ከተሸጠ በኋላ «60 ሺህ ብር አለ፤ ከዚያ በላይ አንድ ብር የለም። ለትምህርቱም ለጨዋታውም የሚሆን ኮምፒውተር ቤት ይግባና ዓይኔ እያየው ይጫወት» አለ። ያ ገንዘብ የጣሪያ ቆርቆሮ ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ከተሳሳትን የሚቀጥለው ቡና እስኪደርስ ማስተካከያ የለንም።

እኔ ደግሞ ለልጁ አንድ ነገር አልኩት። «እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ለእኔ ካስረዳኸኝ ለአባትህ እነግርልሃለሁ፤ ካላስረዳኸኝ አልናገርም።» ሁለት ምሽት ፈጀብን። የተማርኩትን እነሆ፤ ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት የሚመጣበት አይጠፋም።

መጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። በየሱቁ ሣጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ይሉታል። ሲፒዩ ግን በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ ስሌቱን የሚሠራው ዕቃ። ራም የሚባለው ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚሠራበትን ነገር ዘርግቶ የሚያስቀምጥበት ነው፤ ኤስኤስዲ ወይም ሃርድ ዲስክ ደግሞ ጎተራው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የመጣውን መብራት ለሁሉም ያከፋፍላል። ማዘርቦርዱ ሁሉም የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ሥዕሉን እየሣለ ወደ ስክሪኑ የሚልክ ሲሆን፣ የጨዋታ ኮምፒውተርን ከቢሮ ኮምፒውተር የሚለየው እሱ ነው። ውድ የሆነውም እሱ ነው።

የልጁ ወረቀት በዚህ ካርድ ይጀምራል፤ አርቲኤክስ 4060። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 299 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር፣ የዚያ ካርድ ዋጋ 17 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ክረምቱ ሳያልፍ ዶላሩ 100 ብር አለፈ። በ100 ብር እንኳ ብናሰላው 29,900 ብር ነው፤ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ገና ሳይጨመር። ከበጀታችን ግማሹ በአንድ ዕቃ አለቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ በዚህ ዓመት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ወጥቷል፤ ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ስለሚያቀርቡ ነው ይባላል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ አዲስ እንግዛ ብንል 60 ሺህ ብር መንገድ ላይ ያስቀረን ነበር።

«ለመሆኑ ምን መጫወት ነው የምትፈልገው?» አልኩት። ኳስ ነው። ድሮ ፊፋ ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለው። ይህ ትልቅ ጥያቄ ነበር፤ መጠየቅ የነበረብን ከሁሉ በፊት ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚፈልግ አምራቹ ጽፎ ያወጣል። ለኤፍሲ 24 የተጻፈው ዝቅተኛው ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ የዲስኩ ቦታ 100 ጊጋ ነው። ከልጁ ወረቀት ብዙ እርከን ዝቅ ያለ ነው። ልጁ ትንሽ አኮረፈ፤ ወረቀቱን የጻፈለት አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ነበር፤ የጓደኛው አባት ደግሞ ቡና አይሸጥም።

ስለዚህ መንገዱን ቀየርን። ከውጭ ቢሮዎች ተነሥተው ወደ እኛ አገር የሚመጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች አሉ፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ የመሳሰሉት። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ አለ። በላዩ ላይ መጠነኛ ካርድ መጨመር ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች አሉ።

አንደኛው «ኮር አይ 7 ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ነው። አይ 7 ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። አይ 7-2600 የ2ኛው ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ። አይ 5-8500 ደግሞ 8ኛ ትውልድ ነው፤ ስሙ ዝቅ ያለ ቢመስልም ለጨዋታ በጣም ይሻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ እንዲያገለግለው ከፈለጋችሁ ከ8ኛ በታች አትውረዱ።

ሌላው የሣጥኑ መጠን ነው። ቀጭኑ ዴስክቶፕ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ሙሉ ቁመት ያለው ግራፊክስ ካርድ ግን አይገባበትም። ለእሱ የሚሆነው አጭሩ ካርድ እንደ ልብ አይገኝም። ረጅሙን፣ ታወር የሚሉትን ግዙ።

ከዚያ የዋት ነገር አለ። የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ240 እስከ 260 ዋት ነው፤ ለትልቅ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። በላዩ ላይ 185 ዋት የሚበላ አርኤክስ 580 ሲጫንበት ነገሩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጂቲኤክስ 1650 ግን 75 ዋት ነው፤ ይህን ያህል ማዘርቦርዱ ራሱ ያቀብለዋል። ከ1650ዎቹም ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁ አሉና፣ በካርዱ ጎን መሰኪያ አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። እኛ የወሰንነው ይህንኑ ነው፤ 8ኛ ትውልድ አይ 5 ያለው ታወር፣ ከጂቲኤክስ 1650 ጋር።

ልጁ «ቴሌግራም ላይ በርካሽ አግኝቼዋለሁ፤ ገንዘቡን ብንልክ በአውቶቡስ ይልኩልናል» አለ። እንቢ አልኩ። ጎሬ የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ልጅ በዚህ መንገድ 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ አስመጥቶ ነበር። ካርዱ ሲሰካ ስሙን 1050 ቲአይ ብሎ ያሳያል፤ ጨዋታ ሲከፈት ግን ይንተባተባል፣ ይጠፋል። ኋላ የሚያውቅ ሰው ሲያየው፣ ውስጡ የቆየ ደካማ ካርድ ሆኖ ስሙ ብቻ በሶፍትዌር የተቀየረ ነው። ሻጩ ስልኩን አጠፋ። እንዲህ ያለ ማጭበርበር በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሐሰተኛውን ካርድ ሐሰተኛ ብሎ ይለየዋል። ፕሮግራሙ የሚጠቅመው ግን ገንዘቡ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ነው።

በሴሚስተሩ ዕረፍት አባትና ልጅ አዲስ አበባ ወረዱ፤ እህቴ ቤት አርፈው መርካቶን ዞሩ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የእያንዳንዱን አልጽፍላችሁም፤ ክፍፍሉን ግን ልንገራችሁ። ከ10 ብር 4ቱ ለሣጥኑ፣ 3ቱ ለካርዱ፣ 1ዱ ላገለገለ ሞኒተር፣ 1ዱ ለመብራት መከላከያ፣ የቀረው 1 ደግሞ ለሁለተኛ ራም፣ ለኪቦርድና ለመንገድ። ሁለተኛው ራም ቅንጦት አይደለም። ሻጮች ብዙ ጊዜ አንድ 8 ጊጋ ብቻ ሰክተው ይሸጣሉ፤ ሁለት 8 ጊጋ ጥንድ ሆነው ሲሰኩ ማሽኑ ከአንድ 16 ጊጋ የተሻለ ይፈጥናል።

ልጄ ችኩል ነው፤ ያን ቀን ግን ቃሉን ጠብቆ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ አስከፍቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ሱቅ «ጊዜ የለንም» ስላለው ወጣ። ሁለተኛው ፈቀደ። ካርዱን በጂፒዩ-ዚ አዩት፤ የዲስኩን ጤንነት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው አዩ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብልሽት ቢገኝ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ አስጽፎ ማህተም አስመታ። ወደ መቱ ሲመለሱ ካርዱን ከሣጥኑ አስነቅሎ በፎጣ ጠቅልሎ እግሩ ላይ ይዞት መጣ። ከአዲስ አበባ እኛ ጋ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተሰክቶ የሚንገጫገጭ ካርድ ማዘርቦርዱን ሊሰብር ይችላል።

አሁን ስለ መብራቱ ልናገር፤ ልጁ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ ያላሰበው እሱን ነው። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ነበረን፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት። አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ተመለሰ፤ ማቀዝቀዣው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዘን ሌላ ጤና ጣቢያ እስክንደርስ የነበረብኝን ጭንቀት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያ ሥራዬ ሶኬት መንቀል ነው፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ ነው የምሰካው። በአጠገባችን ሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ አለ፤ ፏፏቴውንም ሰው ከሩቅ መጥቶ ያየዋል። ቢሆንም መብራታችን ይመጣል፣ ይሄዳል።

ስለዚህ አባቱ «ይህን ገንዘብ ለተሻለ ካርድ እናድርገው» ሲል አልተስማማሁም። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ተገዛ። ዩፒኤስ ጨዋታ የሚያስጨርስ አይደለም፤ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። መብራታቸው ከፍና ዝቅ የሚልባቸው ቤቶች ከፊቱ ስታቢላይዘር ያስፈልጋቸዋል። መብረቅ ሲኖር ሁሉም ከሶኬት ይነቀል፤ በእኛ ክረምት ይህ ትንሽ ምክር አይደለም።

እናቶች ደግሞ ይቅር በሉኝና፣ በዳንቴል አትሸፍኑት። ቴሌቪዥኑንና ሬዲዮኑን በዳንቴል ያስጌጥንበት እጃችን ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። በሥራ ላይ እያለ ከተሸፈነ ትኩስ አየር መውጫ ያጣል። ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ለአቧራ መከላከያ ቢለብስ ግድ የለም። ከመሬት ከፍ ይበል፤ ከግድግዳም አንድ ስንዝር ይራቅ። በእኛ ዝናብ ግድግዳው ራሱ ይረጥባል።

የመጀመሪያው ምሽት ሐዘን ነበር። ሁሉም ተሰካ፣ ኳሱ ተከፈተ፤ ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ እንዳለ በሬ ይጎተታሉ። ልጄ ፊቱ ጠቆረ፤ «ተበላን» አለ። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። ከጎረቤት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተጠራና ከኋላ ጎንበስ ብሎ ሳቀ። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ከማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ገመዱን ወደ ካርዱ ልናዛውር ስንል ደግሞ አልገባም፤ ያገለገለው ሞኒተር ገመድ ቪጂኤ የሚባለው የቆየው ዓይነት ነው፤ ካርዱ ያንን መሰኪያ የለውም። በማግስቱ መለወጫ ተገዛና ኳሱ ሮጠ። ሞኒተር ስትገዙ ኤችዲኤምአይ ያለውን ምረጡ፤ እኛ አንድ ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያደርነው በዚያች ቀዳዳ ነው።

የጨዋታው መጫኛ ነገርም በጀት ውስጥ ይግባ። 100 ጊጋ በሞባይል ዳታ ማውረድ ስንት ጥቅል እንደሚፈጅ አስቡት። በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው የተሰረቀ ቅጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ የትምህርቱን ፋይል ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ኢፉትቦል የሚባለው የኳስ ጨዋታ በነጻ የሚወርድ ነው፤ የእኛ ልጅ ባለ ዋይፋይ ዘመድ ቤት አድሮ አወረደው።

ስለ ሰዓቱ ተስማምተናል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጥናት ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሁለት። ኮምፒውተሩ ሳሎን ነው፤ መኝታ ቤት እንዲገባ አልፈቀድኩም። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ ግን መጫወት ሁሉ በሽታ ነው አላለም። የሚባለው ልጁ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ትምህርቱን፣ እንቅልፉንና ቤተሰቡን ትቶ በዚያ ብቻ ሲኖር፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲቆይ ነው። እኔ የማየው እራቱን መብላቱን፣ መተኛቱንና ጓደኞቹ መምጣታቸውን ነው። ጓደኞቹስ መጡ፤ አሁን የቡናው ስኳር በቶሎ ያልቃል።

ከ60 ሺው 1,350 ብር ተርፏል። ልጁ ለትልቅ ዲስክ መነሻ ይሁን ይላል፤ አባቱ ደግሞ ለጣሪያው ምስማር ይፈልገዋል። ብሩ ለጊዜው እኔ ጋ ነው።