ቨርቹዋል ሪያሊቲ በብሮውዘር፦ ምስሉ መነጽሩ ላይ እንዴት ይደርሳል?



በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርቶላቸዋል። የነጃሺ መስጂድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲጎዳ እንዲህ ያለ ቅጂ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ገብቶናል። በደቡብ ጎንደር ላሉት አሮጌ መስጂዶቻችንም ያው ነው። ሞዴሉ ከተገኘ በኋላ ደብረ ታቦር ሆኖ ውስጡ ለመዞር አፕ መጫን ግድ አይደለም፤ ዌብ ኤክስአር የሚደግፍ ብሮውዘር ይበቃል።

ዌብ ኤክስአር ራሱ ምንም አይሥልም፤ የሚሥለው ዌብ ጂኤል ነው። የኤክስአር ድርሻ ጭንቅላታችን ወዴት እንደዞረ መንገርና የተሣለውን መነጽሩ ላይ ማድረስ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል።

ገጹ በመጀመሪያ መሣሪያው ቪአር ይችል እንደሆነ ብሮውዘሩን ይጠይቃል። ከቻለ የመግቢያ ቁልፍ ያሳያል፤ ተጠቃሚው ሳይነካው በራሱ መክፈት አይፈቀድለትም። አድራሻውም ኤችቲቲፒኤስ መሆን አለበት። (ሎካልሆስት ላይ ያለዚህም ይሠራል። ላፕቶፕ ላይ የሠራ ኮድ በዋይፋይ ከስልክ ሲከፈት እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።) ቁልፉ ሲነካ ሴሽን ይከፈታል፤ ዌብ ጂኤሉም ከኤክስአር ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ከሴሽኑ ሌየር ጋር ይያያዛል። ከዚያ ወዲያ የምንሥለው ገጹ ካንቫስ ላይ ሳይሆን የሌየሩ ፍሬምበፈር ላይ ነው።

ትልቁ ጣጣ ጊዜው ነው። በተራ ገጽ ቀጣዩን ፍሬም ከዊንዶው እንጠይቃለን፤ በቪአር ግን ከሴሽኑ። መነጽሩ በሰከንድ 90 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ ለአንድ ፍሬም 11 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ አለን። በዚያች ጊዜ ትዕይንቱ ሁለቴ ይሣላል፤ ለግራ ዓይንና ለቀኝ ዓይን። የየዓይኑን ቪውፖርትና ማትሪክስ ኤክስአር ስለሚሰጠን ራሳችን አናሰላም። ሥዕሉ ከዘገየ ጭንቅላት ከዞረ በኋላ እየተጎተተ ይከተላል፤ ያኔ ማቅለሽለሽ ይመጣል።

ለዚህ ነው በሌዘር የተለካ ሞዴል እንዳለ የማይጫነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩት ሦስት ማዕዘኖቹ በብሌንደር ይቀነሳሉ፤ የግድግዳው ዝርዝር በፎቶ ቴክስቸር ይተካል። ፋይሉ ስለሚቀል ለኛ ኔትም ይበጃል።

መነጽር ለሌለን ጋይሮስኮፕ ያለው አንድሮይድ ስልክ፣ ክሮምና ሌንስ ያለው የካርቶን መያዣ ለመጀመር ይበቃሉ። የአይፎን ሳፋሪ ግን ይህን አይደግፍም። ስሪጄኤስ የምትጠቀሙ ደግሞ ሬንደረሩ ላይ ኤክስአርን አብሩና ፍሬሙን በራሱ የአኒሜሽን ሉፕ አስኪዱ፤ ከላይ የዘረዘርነውን አብዛኛውን እሱ ይሠራላችኋል።