አናቱ ላይ ቤት ያለው ሠዓሊ

ሐይፋ፣ አርሎዞሮቭ ጎዳና ላይ የሄርማን ሽትሩክ ሙዚየም አለ፤ የሠዓሊው መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። ሽትሩክ ወደ ሐይፋ ከመምጣቱ በፊት በርሊን ውስጥ ማርክ ሻጋልን መዳብ ላይ ሥዕል ቀርጾ ማተምን አስተምሮታል። መስመሩ በመርፌ ይጫራል፣ ጭረቱ ቀለም ይሞላል፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ይታተማል።

ሻጋል እ.ኤ.አ. በ1922 ከሩሲያ እንደወጣ በዚህ መንገድ የራሱን ፊት ሠራ። ስናየው ቶሎ «አዝኗል» ማለት ይቀናናል። ግን መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንቁጠር፦ አናቱ ላይ እንደ ባርኔጣ የተቀመጠ ትንሽ ቤት አለ። ከአገሩ ወጥቷል፤ ቤቱ ግን አብሮት ነው። እኔ የማነበው የሐዘንተኛ ሳይሆን የሚያስታውስ ሰው ፊት ነው።

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርትም ያየነውንና የገመትነውን ለይተን እንጽፋለን። እኛ ቤት ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ የሚያደርገው ስለሚያከብር ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ዝግ ልጅ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ቃሉም ፋይል ውስጥ ገብቶ ልጁን ሲከተለው ይኖራል።

ወላጆች፣ ስለ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብላችሁ «ምን አይታችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።