የሩቅ ዝናብ፣ የቅርብ ጎርፍ

በክረምት ወራት ነጐድጓድ መስማት የተለመደ ነው። ስለዚህ «ከባድ ዝናብና ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ስለሚችል ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ ሲነገር ብዙዎቻችን ቀና ብለን ሰማዩን እናያለን፤ በላያችን ደመና ከሌለም ነገሩን ቸል እንላለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ መግለጽ ነው።

አስቀድሞ የነጐድጓዳማ ዝናብን አፈጣጠር እንመልከት። ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ባለ ቍጥርም ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው ተን ወደ ውኃ ነጠብጣብና ወደ በረዶ ቅንጣት ይለወጣል። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ በደመናው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኀይል ይከማችና በመብረቅ ይለቀቃል። ነጐድጓድ ማለት በመብረቁ ድንገት የጋለው አየር የሚያሰማው ድምፅ ነው። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ቈጥረን ለ3 ብናካፍለው የመብረቁን ርቀት መገመት እንችላለን።

ጎርፍን ግን በዚህ ዘዴ ልንለካው አንችልም። በተራራ ላይ ብዙ ዝናብ በጥቂት ሰዓት ሲወርድ፣ ይልቁንም ቁልቁለቱ ከዛፍ የተራቈተ ከሆነ፣ መሬቱ ውኃውን መጥጦ አይጨርሰውም። የተረፈው ከየሸለቆው ተሰብስቦ፣ ድንጋይና ግንድ እየገፋ፣ ዝናብ ወዳልጣለበት ቆላ ይወርዳል።

ለዚህ ምስክር የምትሆነን ድሬዳዋ ናት። ከተማይቱን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በደጋው ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ በዚሁ አሸዋ ላይ ደርሶ ሕዝቡን በተኛበት ወሰደው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ያለ መጠለያ ቀሩ።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ከባድ ዝናብ በየትኛው አውራጃ እንደሚያሰጋ ከአንድ ቀን በፊት እንኳ ሊናገሩ ይችላሉ። የትኛው ሸለቆ እንደሚሞላ ለይቶ ማወቅ ግን ደመናው እስኪከማች ድረስ አስቸጋሪ ነው። በዚያን ጊዜ የሚቀረው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ታዲያ ማስጠንቀቂያው በቢሮ ቢጻፍና በሬዲዮ ቢነገር፣ የተኛውን ሰው ካልቀሰቀሰው ምን ይጠቅማል? መልእክቱ ከውኃው መቅደም አለበት። በደጋ ያለ ሰው ወንዙ ሲሞላ አይቶ በቆላ ላለው ወዳጁ ስልክ ቢደውል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያም ሕዝቡን ቢቀሰቅሱ የብዙ ሰው ሕይወት ይድናል።

እኛ ተማሪዎችም ማስጠንቀቂያ ስንሰማ ለቤተሰባችንና ለጎረቤቶቻችን እንንገር። ነጐድጓድ ሲሰማ ከዛፍ ሥር አንጠለል፤ ወንዙ ሲሞላ ወደ ከፍታ እንውጣ። እስከ ጕልበት የማይደርስ ፈጣን ውኃ እንኳ ጐልማሳ ሰው ሊጥል ስለሚችል፣ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድብን ብለን ጎርፍ አንሻገር። መዘግየት ይቅርታ ያገኛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለውኃም ነው።