ሙቀትን የሚያይ ዓይን፦ ስልክ ላይ ይሰካ ወይስ ሄልሜት ላይ ይገጠም?

የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ አሳልፎ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። በአንድ ሌሊት ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሣር ይግጣል። የሚሄደው እንዳሻው አይደለም፤ ውሃውን ከግጦሹ የሚያገናኝ፣ ራሱ እየረገጠ ያስለመደው መንገድ አለው። ችግሩ ሰውም በዚያው ዳር መመላለሱ ነው። ዓሣ አስጋሪው ገና ሳይነጋ ወደ ጀልባው ይወርዳል፤ ገበሬው እርሻውን ሲጠብቅ ያመሻል። የእጅ ባትሪ ብርሃን ጥቂት ሜትሮች ሄዶ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ከሣሩ ጀርባ የቆመውን ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ አያሳይም።

ቴርማል ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ብርሃን አይፈልግም። ድንጋዩም፣ ውሃውም፣ ሰውም እንደየሙቀቱ መጠን በዓይን የማይታይ ጨረር ይረጫል፤ ካሜራው የሚለቅመው ይህንኑ ጨረር ነው። ዊልያም ኸርሽል የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ፣ ከቀዩ ቀለም ማዶ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ጭራሽ ጨመረ። ኢንፍራሬድ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1880 ግድም ደግሞ አሜሪካዊው ሳሙኤል ላንግሌይ ቦሎሜትር የተባለ የጨረር መለኪያ ሠርቶ እያሻሻለው ሄደ፤ መለኪያው 400 ሜትር ርቃ የቆመች ላም የምትረጨውን ሙቀት ይለይ ነበር ይባላል። ዛሬ ስልክ ጫፍ ላይ የሚሰካው ካሜራ የዚያ መለኪያ የልጅ ልጅ ነው። አንድ የነበረው ቦሎሜትር በአንዲት ቺፕ ላይ በአሥር ሺዎች ተደርድሯል።

እያንዳንዱን ፒክስል ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ምጣድ ማሰብ ይቻላል። ምጣዱ ብዙውን ጊዜ ከቫናዲየም ኦክሳይድ የሚሠራ ስስ ሽፋን ሲሆን በአዳዲሶቹ ካሜራዎች ስፋቱ 12 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ጉልቻዎቹ ከቺፑ ከፍ አድርገው ስለሚይዙት የተቀበለው ሙቀት ወደ ታች አያመልጥም። ጨረር ሲያርፍበት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይለወጣል፤ ለውጡ ተለክቶ ምስል ይሆናል። ቴክኖሎጂው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካው ሃኒዌል ኩባንያ ለጦር ኃይል ተብሎ በምስጢር የተሠራ ነበር፤ ምስጢርነቱ የተነሣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሌንሱ ከመስታወት አይሠራም፤ የሰው ገላ ከሁሉ አብዝቶ የሚረጨው 9 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ነው፤ ለዚህ ጨረር ተራ መስታወት እንደ ግድግዳ ነው። በጀርማኒየም የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ዋጋውን ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱም ይኸው ጀርማኒየም ነው። በመኪና መስኮት በኩል ወደ ውጭ ለማየት የሞከረ ሰው የሚያገኘው የራሱን ሙቀት ነጸብራቅ ይሆናል። ውሃም ጨረሩን አያሳልፍም፤ የጠለቀ ጉማሬ በየትኛውም ቴርማል ካሜራ አይታይም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከዚህ መሣሪያ ጋር የተዋወቁት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ መጀመሪያ በኢቦላ ወቅት፣ ኋላም በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ። ያ ትውውቅ አንድ የተሳሳተ እምነት ትቶብናል፤ ካሜራው የሰውነትን የውስጥ ሙቀት የሚያነብ ይመስለናል። የሚያነበው ቆዳን ነው። በፀሐይ ሲሄድ የቆየ ጤነኛ ሰው ትኩሳት ያለበት ሊመስል ይችላል።

ለግዢ ሲታሰብ ሁለት ስሞች ይደጋገማሉ፤ ክሊፕ ኦን እና ሄልሜት ላይ የሚገጠም። ክሊፕ ኦን የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ስለሚውል ገዢውን ያሳስታል። አንዱ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ ላይ የሚሰካው ትንሹ ካሜራ ነው። ሌላው ከቀን መነጽር ፊት የሚታሰር፣ የቀኑን መነጽር የሌሊት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ይህ ሁለተኛው በአብዛኛው የሚሠራው ለጠመንጃ መነጽር ነው፤ በአገራችን ደግሞ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ውጭ ያለው ጥቅም ለአንድ ከተማ ከበቂ በላይ ነው።

ከጉማሬው እንራቅና ወደ ከተማው እንግባ። በሐዋሳው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ላለው ሰው የሚያስፈራው ነገር ግድግዳው ላይ ያለው የብሬከር ሳጥን ነው። ብሎኑ የላላ ሽቦ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለማያሳልፍ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል፤ አንድ ቀን ፕላስቲኩ ይቀልጣል ወይም እሳት ይነሣል። እስከዚያ ድረስ ግን ለዓይን ምንም ምልክት አይሰጥም። ስልክ ላይ የሚሰካው ካሜራ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰለ ቦታ፣ የልብስ ስፌት ማሽኖችና የእንፋሎት ካውያዎች ቀኑን ሙሉ በሚሠሩበት ሼድ ውስጥ፣ ለጥገና ባለሙያ ከሞካሪ ካቻቢቴ ቀጥሎ ኪስ ውስጥ ቢኖር የሚገባው ዕቃ ይመስለኛል።

ለዚህ ሥራ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ካሜራው ሙቀቱን በዲግሪ ይለካል ወይስ ምስል ብቻ ያሳያል የሚለው ነው። ለአደንና ለዱር የተሠሩት ብዙዎቹ አይለኩም። ሁለተኛው የፒክስል ብዛት ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ በቀጥታ ከብሎኑ ጋር ይገናኛል። 50 ዲግሪ ስፋት የሚያይ፣ በአግድም 256 ፒክስል ያለው ካሜራ ከ1 ሜትር ርቀት ላይ እያንዳንዱ ፒክስሉ ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይሸፍናል። 80 ፒክስል ብቻ ያለው ርካሽ ካሜራ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ሙቀትን በትክክል ለመለካት ቢያንስ ሦስት በሦስት ፒክስል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በርካሹ ካሜራ የተቃጠለው ብሎን ከጎኑ ካለው ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ደህና መስሎ ይታያል። ጠጋ ብሎ ማየት ያድናል እንዳይባል፣ ክፍት የብሬከር ሳጥን ፊት ጠጋ ማለት የራሱ አደጋ አለው።

አጠቃቀሙን ማወቅም ካሜራውን ከመግዛት እኩል ወሳኝ ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ጨረሩ በቆርቆሮ በር አያልፍም። መክፈቱ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ማሽኖቹ ሥራ ላይ መሆን አለባቸው፤ መብራት ጠፍቶ ወዲያው እንደመጣ ቢታይ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው። የሚያብረቀርቅ መዳብና አሉሚኒየም ጨረር አይረጩም ማለት ይቀላል፤ እንደ መስታወት የሰውየውን ፊት ሙቀት መልሰው ያሳያሉ። መብራቱ በተቋረጠበት ሰዓት ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ ለጥፎ፣ ኋላ ናስትሮውን ማንበብ የቆየ የባለሙያ ዘዴ ነው። ዲግሪው ብቻውንም ብዙ አይናገርም። እኩል ከሚሠሩት ሦስት ፌዞች አንዱ ከሁለቱ ተለይቶ ከጋለ፣ በሽታው እዚያ ነው።

ስልክ ላይ የሚሰካ ነገር ስልኩን ተማምኖ ይኖራል። የታይፕ ሲ ስልክ ይዞ ለአይፎን የተሠራውን የገዛ፣ ወይም ወፍራም የስልክ ሽፋን ካሜራውን አላስገባ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው አፕሊኬሽኑ ነው፤ አምራቹ ማደሱን ካቆመ ስልክ በተቀየረ ጊዜ ጤነኛው ካሜራ ዋጋ ቢስ ይሆናል። ስሙ ካልታወቀ አምራች የሚገዛ ሰው ይህን ዋጋው ላይ ጨምሮ ያስብ።

ይኸው ካሜራ ሐይቁ ዳር ቢወሰድስ? ስሌቱ አይሆንም ይላል። በ100 ሜትር ርቀት እያንዳንዱ ፒክስል 34 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሚሆን ጉማሬ አራት ነጥብ ነው። ከጉማሬ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ስልክ መመልከት ደግሞ ጀግንነትም ጥበብም አይደለም። 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት ቴርማል የእጅ ሞኖኪዩላር ግን በ300 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ፒክስሉ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚሸፍን ጉማሬውን በ15 ነጥቦች ቁመት ያሳያል፤ ጭንቅላቱ ወዴት እንደዞረ ሁሉ ይለያል። ቢኖኩላር ላላቸው አስጎብኚዎች ከፊት የሚታሰረው ክሊፕ ኦን ርካሽ መፍትሔ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አይደለም። መሣሪያው ከፊት ሆኖ በትንሽ ስክሪን ላይ ምስል ይሠራል፤ ቢኖኩላሩ ያንን ስክሪን ያጎላዋል። ማጉላቱ ከ3 እስከ 6 እጥፍ ሲሆን ይሄዳል፤ የወፍ ተመልካቾች የሚይዙት 8 ወይም 10 እጥፍ ሲሆን ግን የሚጎላው ጉማሬው ሳይሆን የስክሪኑ ነጥብ ነው።

ለሐይቅ ዳር አዲስ የሆነን ሰው ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱና ሣሩ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ እየረጩ በፍጥነት ይቀዘቅዛሉ፤ ሐይቁ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ሊነጋ ሲል በካሜራው ሐይቁ ነጭ፣ መሬቱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የብስ ላይ ያለ ጉማሬ ቁልጭ ይላል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ጭንቅላት ግን ነጭ በነጭ ላይ ይጠፋል። አሁን ከውሃ የወጣውም እርጥብ ቆዳው እየተነነ ስለሚያቀዘቅዘው ደብዘዝ ይላል። ከውሃ ወደ የብስ የሚመለከት ጀልባ ላይ ያለ ሰው ከየብስ ወደ ውሃ ከሚመለከተው ይልቅ ዕድለኛ ነው። ጭጋግና ዝናብ ሲኖር ሁለቱም ርቀት ያጣሉ።

ሄልሜት ላይ የሚገጠመው ሌላ ዓለም ነው፤ እጅ ነጻ የሚያደርግ፣ እየሄዱ የሚያዩበት ነው። ለሲቪል ሰው ትልቁ ጥቅሙ እሳት አደጋ ላይ ነው። የጭስ ብናኝ ከዚህ ጨረር የሞገድ ርዝመት በጣም ስለሚያንስ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ክፍል ውስጥ ካሜራው የወደቀውን ሰውም የእሳቱን ምንጭም ያሳያል። የሐዋሳው አዲስ ከተማ የስም ተጋሪ በሆነው የአዲስ አበባው ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ሸማ ተራ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት የተነሣውን ቃጠሎ ያየ ሰው፣ ሱቅ በሱቅ በተደራረበበትና ጨርቅ በተከመረበት ቦታ እሳትን ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የጨርቅ ክምር እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላም ውስጥ ውስጡን ይጨሳል፤ ሙቀቱ እስከ ክምሩ ገጽ ከደረሰ፣ ፍሙ የቱ ጋ እንደተደበቀ ክምሩን ሳይበትኑ የሚጠቁም ይህ ካሜራ ነው።

ይሁን እንጂ ሄልሜት ላይ መሆኑ ብቻ አያስመርጠውም። አሜሪካ ውስጥ ኬርንስ አይሪስ የተባለው የሄልሜት ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀርቦ ነበር፤ ውድና ከባድ ነበር፤ ኋላ ገበያውን በብዛት የያዘው በእጅ የሚያዘው ካሜራ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእጅ የሚያዘው ካሜራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ አንዱ ለቡድኑ ሁሉ ይበቃል። ግንባር ላይ የተንጠለጠለ ክብደት አንገትን ይጎትታል፤ ሚዛን ለመጠበቅ ባትሪው ከኋላ ይታሰራል፤ ጠቅላላው ሸክም በአንገት ላይ ይመጣል። ለሚራመድ ሰው ደግሞ ምስሉ ሳይጎላ፣ እንዳለ መታየት አለበት፤ የሚያጎላ ሌንስ ሄልሜት ላይ ከተደረገ ደረጃው ቅርብ መስሎ እግር ይስታል። በሴኮንድ 9 ምስል ብቻ የሚያሳየውም ለዚህ አይሆንም። ይህ ፍጥነት የአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር እንዲላላላቸው ሲባል ብዙ ካሜራዎች ላይ ያለ ገደብ ነው፤ የብሬከር ሳጥን ለማየት ምንም አይጎዳም፤ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ግን ምስሉ ወደኋላ እየቀረ ያቅለሸልሻል። ለእሳት ከሆነ ደግሞ የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር መስፈርት ካሜራው በ260 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 5 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል። ለዱር ወይም ለአደን የተሠራን መሣሪያ ሄልሜት ላይ አስሮ ቃጠሎ ውስጥ መግባት ሰውን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

የሻጮችን ቋንቋ በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ይበቃኛል። ሳጥኑ ላይ «1,800 ሜትር» የሚል ቁጥር ያነበበ ገዢ 1,800 ሜትር ላይ ሰው መሆኑን የሚለይ ይመስለዋል። በዚያ ርቀት ያ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ መሣሪያ የሚያሳየው ሦስት ነጥብ ቁመት ያለው የሞቀ ነገር ነው፤ ሰው ይሁን ጥጃ አይታወቅም። ምንነቱን ለመለየት የሚበቃው ርቀት ከተጻፈው ሲሶው ወይም ከዚያም በታች ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ለብሬከር ሳጥንና ለሞተር 256 በ192 ፒክስል ያለው፣ ሙቀት የሚለካ፣ ስልክ ላይ የሚሰካ ካሜራ ይበቃል። ለጉማሬ ስልኩንም ሄልሜቱንም ትተው የእጅ ሞኖኪዩላር ይግዙ። ለእሳት አደጋ ቡድን መጀመሪያ አንድ መስፈርቱን ያለፈ የእጅ ካሜራ፤ የሄልሜቱ ገንዘብ ሲተርፍ ይታሰብበታል። የትኛውንም ከውጭ ከማዘዝዎ በፊት ግን ለጉምሩክ ጽፈው መልሱን በእጅዎ ይያዙ፤ ቦሌ ላይ ተራ ቢኖኩላር እንኳ ጥያቄ ያስነሳል።